ነጭ ወይም ጥቁር ብቻ በሚባልበት ምድር፦ ላቲኖዎች የአሜሪካን ደቡብ እንዴት ለወጡት?

በ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» ከሚለው ሳጥን ሥር በምሳሌነት ከተዘረዘሩት ስድስት ስሞች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። አትላንታ የሚኖር አበሻ ስለ ራሱ የሚያስበው ሌላ ቢሆንም ምልክት የሚያደርግበት ቦታ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ጎረቤቱ ሆንዱራሳዊ ግን እንዲህ አይቀልለውም። መጀመሪያ «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አዎ ይላል። ቀጥሎ «ዘርህስ?» ይመጣል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝብ፣ እስያዊ እያለ ይወርዳል እንጂ እሱን የሚመስል ሳጥን የለም። በዚያ ቆጠራ ሂስፓኒክ ነን ካሉት ውስጥ 42 በመቶው «ሌላ ዘር» ብለው አለፉ፤ 33 በመቶ ያህሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሳጥን ሞሉ፤ «ነጭ ብቻ» ያለው 20 በመቶ ነበር።

ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ የወረቀት ጣጣ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ግን አንድ ሰው ማንን እንደሚያገባ፣ ልጁን የት እንደሚያስተምር፣ ከየትኛው ቧንቧ ውኃ እንደሚጠጣ ለብዙ ዘመን የተወሰነው በሁለት ሳጥን ነው። ከ1990 ወዲህ ከሁለቱም ያልሆነ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገባበት። በኖቬምበር 2025 የድንበር ጠባቂ ፖሊሶች ከሜክሲኮ ድንበር ከ1,000 ማይል በላይ በምትርቀው በሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ሰው ማፈስ ሲጀምሩ ከተማዋ በዜና የገነነችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ደቡብ» የትኛው ነው? «ላቲኖ»ስ ማን ነው?

ብራዚልና አርጀንቲና ያሉበት ደቡብ አሜሪካ አይደለም፤ በአማርኛ ስሙ ስለሚያምታታ አስቀድሞ መለየቱ ይሻላል። እዚህ «ደቡብ» የምንለው በዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ ያሉትን፣ ባርነት እንዳይቀርባቸው ብለው በ1860 እና በ1861 ተገንጥለው የተዋጉትን 11 ግዛቶች ነው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ከእነዚሁ ቢሆኑም ከስፓኞች ዘመን ጀምሮ የራሳቸው ታሪክ ስላላቸው ለብቻ ይታያሉ። ትልቁ ለውጥ የታየው እንደ ጆርጂያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ አላባማ፣ ቴነሲና ሚሲሲፒ ባሉት፣ ስፓኒሽ ብርቅ በነበረባቸው ግዛቶች ነው።

«ላቲኖ» የዘር ስም አይደለም። ከላቲን አሜሪካ የመጣ ወይም የዘር ሐረጉ ከዚያ የሚመዘዝ ሰው ማለት ነው፤ ነጭም፣ ጥቁርም፣ የአገሬው ቀደምት ሕዝብም፣ ቅይጥም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ለአበሻ አይጠፋውም። ሰው አገሩ ሳለ የጎንደር ልጅ፣ የወለጋ ልጅ፣ የአዲግራት ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ሲገባ «አበሻ» ይሆናል፤ ቅጽ ሲሞላ ደግሞ «ጥቁር»። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በሞርጋንተን ዶሮ ፋብሪካ የተቀጠሩት የጓቲማላ ማያዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ለብዙዎቹ ስፓኒሽ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። «ላቲኖ» የሆኑት ሞርጋንተን ከደረሱ በኋላ ነው።

ከነጭና ከጥቁር ውጭ የሆነ ሰው ድሮ ሲመጣ ምን ይደረግ ነበር?

ከአንዱ ሳጥን ይከተት ነበር። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ደቡቡ ጂም ክሮው በሚባሉ ሕጎች ሰውን በቀለም ለየ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1896 «እኩል እስከሆነ ድረስ መለየት ይቻላል» ብሎ አጸናው። በ1924 ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ቻይናዊ ነጋዴ ልጁ ከነጮች ትምህርት ቤት ስለተባረረች ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ግዛቱ ልጅቷን «ባለ ቀለም» ከሚላቸው ጋር መመደብ ይችላል ብሎ ወሰነ።

የሜክሲካውያኑ ደግሞ የባሰ ግራ ነበር። በ1848 አሜሪካ ከሜክሲኮ ሰፊ መሬት ስትወስድ እዚያ የቀሩት በውሉ መሠረት ዜጋ መሆን ቻሉ፤ ዜግነት ደግሞ በዚያ ዘመን ለነጭ ስለነበር በሕግ ዓይን «ነጭ» ተባሉ። ኑሮው ግን ሌላ ነበር። ቴክሳስ ውስጥ በጃክሰን ካውንቲ በ25 ዓመት ውስጥ የሜክሲኮ ስም ያለው አንድም ሰው በፍርድ ሸንጎ ዳኝነት ተቀምጦ አያውቅም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የግዛቱ ጠበቆች «ሜክሲካውያን ነጭ ናቸው፤ ሸንጎው ሁሉ ነጭ ነበር፤ ታዲያ ማን ተበደለ?» ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 1954 አልተቀበላቸውም። በውሳኔው ውስጥ ከሰፈሩት ማስረጃዎች አንዱ የዚያው ፍርድ ቤት ግቢ መጸዳጃ ቤት ነው። ለወንዶች ሁለት ነበሩ። አንዱ ምንም አልተጻፈበትም። ሌላው ላይ «ባለ ቀለም ወንዶች» የሚል ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ በስፓኒሽ «ወንዶች በዚህ»። «ነጭ ናችሁ» ተብለው የተከራከሩባቸው ሰዎች ሽንት ቤታቸው የት እንደሆነ በገዛ ቋንቋቸው ተጽፎላቸዋል። ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለየት የሻረው ዝነኛው የብራውን ውሳኔ የመጣው ከዚህ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

የመለያየቱ ሕግ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ፈረሰ። በጥቁርና በነጭ መካከል ጋብቻን የሚከለክሉት ሕጎች ግን እስከ 1967 ቆይተዋል።

ስንት ሰው መጣ?

ጆርጂያ በ1990 ወደ 109,000 ላቲኖ ነበራት፤ በ2000 ወደ 435,000፤ በ2020 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ። ኖርዝ ካሮላይና ከ77,000 ገደማ ተነስታ በአሥር ዓመት 379,000 ደረሰች፤ በ2020 እሷም 1.1 ሚሊዮንን አልፋለች። አላባማ ከ25,000 ወደ 264,000 ሄደች። ቁጥሩ በመላው ግዛት ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ጆርጂያ ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ነው። ነገር ግን ሰዎቹ እኩል አልተበተኑም። ሳይለር ሲቲ የምትባለው የኖርዝ ካሮላይና ትንሽ ከተማ በ1990 ላቲኖ እንደ ልብ አይታይባትም ነበር፤ በ2000 ከነዋሪዋ 40 በመቶ ገደማ ሆኑ።

ለምን በ1990ዎቹ? ለምንስ ወደ ደቡብ?

በመጀመሪያ፣ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ወረቀት ሰጠ። ወረቀት የሌለው ሰው ከለመደው ሰፈር አይርቅም፤ ግሪን ካርድ ያገኘ ግን ሥራና ርካሽ ቤት ወዳለበት ይነዳል። በዚያን ጊዜ ካሊፎርኒያ በሥራ አጥነት ተመታች፤ በ1994 ደግሞ ወረቀት የሌላቸውን ከሕዝብ አገልግሎት የሚያግድ ሕግ በሕዝብ ድምፅ አጸደቀች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሜክሲኮ ፔሶ ወደቀ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከዚያ በፊት የነበረው ፍልሰት የደርሶ መልስ ነበር፤ ወንዱ ለመከር ይመጣል፣ ለገና ቤቱ ይገባል። ከ1994 ጀምሮ ድንበሩ በአጥርና በጥበቃ ሲጠብቅ መሻገሪያው ውድና አደገኛ ሆነ። የገባው «ከወጣሁ አልመለስም» ብሎ ቀረ፤ ሚስቱንና ልጆቹንም አስመጣ። ሰው እንዳይገባ የተሠራው አጥር የገባው እንዳይወጣ አደረገው ማለት ነው። የደቡቡን ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ የሞላቸው ይኸው ነው።

ደቡቡ በበኩሉ ሥራ ነበረው። የምንጣፍ መዲና የምትባለው ዳልተን፣ የዶሮ መዲና ነኝ የምትለው ጌይንስቪል (ሁለቱም ጆርጂያ)፣ የኖርዝ ካሮላይና ትንባሆና አሳማ፣ ለ1996ቱ ኦሎምፒክ ስትገነባ የነበረችው አትላንታ ሁሉም ሠራተኛ ፈላጊ ነበሩ። ሠራተኛ ማኅበር ደካማ፣ ደመወዝ ዝቅተኛ የሆነበት አገር መሆኑም ፋብሪካዎቹን ወደዚያ የሳበ ነገር ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ነገሩ እንዴት ይሠራል?

የዘር ግንኙነቱ የተለወጠው በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በሥራ ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

እኛ ቤት ዶሮ በ12 ብልት ይበለታል፤ ባለሙያዋ አንዱን ዶሮ በልታ፣ አጥባ፣ በሎሚና በጨው አሽታ እስክትጨርስ ሰዓት ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ ሆድ ዕቃ የሚወጣበት መስመር በደቂቃ እስከ 140 ዶሮ ያሳልፋል፤ ልዩ ፈቃድ ያገኙት 175። የመጀመሪያው ክፍል ጨለማ ነው፤ ዶሮው እንዳይረበሽ ደብዛዛ ሰማያዊ ወይም ቀይ መብራት ብቻ ይበራል። ሠራተኛው ከነሕይወቱ ያለውን ዶሮ ሁለት እግሩን ይዞ ፊቱ በሚያልፈው መንጠቆ ላይ ይሰቅላል፤ በደቂቃ ከ20 በላይ። ዶሮው ይቧጥጣል፣ ይኮሳል፤ አቧራው ዓይንና ሳንባ ይገባል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ማደንዘዝ፣ ማረድ፣ በሙቅ ውኃ መንከር፣ መንጨት፣ ሆድ ዕቃ ማውጣት፣ ማቀዝቀዝ፣ በመጨረሻ አጥንት መለየት። አጥንት የሚለዩት ብርድ ክፍል ውስጥ ቆመው አንዱን ቁርጥ በፈረቃ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግሙታል። በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ ይታመቃል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ሌሊት ክንድ ያቃጥላል።

ጥቁሮች ወደዚህ ሥራ በብዛት የገቡት ከ1964ቱ ሕግ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ለነጮች የተከለለ ነበርና መግባቱ ራሱ እንደ ድል ተቆጥሯል። በ1990 ሚሲሲፒ፣ ኢንዲያኖላ ውስጥ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ማኅበራቸውን አስከብረዋል። ላቲኖዎች የደረሱት ጥቁሮች ስለዚህ ሥራ መደራደር በጀመሩበት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ በኋላ የመጣውን ቅሬታ መረዳት አይቻልም።

ሰው የሚቀጠረው በማስታወቂያ አይደለም። ሥራው ከባድ ስለሆነ ብዙ ፋብሪካ በዓመት የሠራተኛውን ቁጥር የሚያህል ሰው ይቀጥራል፣ ያንኑ ያህል ያጣል። ኩባንያው ለዚህ ያገኘው መላ «ዘመድህን አምጣ፣ ጉርሻ አለህ» ማለት ነው። ከሜክሲኮ፣ ከቬራክሩዝ የመጣ አንድ ሰው ወንድሙን ያመጣል፣ ወንድሙ ጎረቤቱን። ለኩባንያው ሦስት ጥቅም አለው፤ ማስታወቂያ አያወጣም፣ አዲሱን ሰው ያመጣው ዘመድ ያሠለጥነዋል፣ ቢያጠፋ ደግሞ ያመጣው ሰው ያፍርበታል። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። አንድ ፈረቃ በሙሉ የአንድ መንደር ሰው ይሆናል፤ ስለ ክፍት ቦታው የሚወራው በስፓኒሽ ብቻ ይሆናል፤ አጠገቡ የሚኖረው ጥቁር ወጣት ቦታ መኖሩንም አይሰማ። ማንም «ጥቁር አንቀጥርም» አላለም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ወረቀትስ? በ1986ቱ ሕግ አሠሪው መታወቂያ ማየት አለበት፤ ካርዱ እውነተኛ ከመሰለ ግን መቀበል ይበቃዋል። ፊቱን አይቶ ተጨማሪ ወረቀት ቢጠይቅ ደግሞ በአድልዎ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ በሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (ለመቀጠር በሚያስፈልገው የመንግሥት መለያ) የሚሠራ ሰው ይኖራል፣ አሠሪው አላውቅም ይላል፣ ሠራተኛው ቢጎዳ አቤት አይልም። የመስመሩ ፍጥነት ሲጨመር መጀመሪያ ዝም የሚለው እሱ ነው። ያኔ አጠገቡ ያለችው ጥቁር ሴትም መፍጠን ግድ ይሆንባታል፤ የምትናደደው ግን በአለቃዋ ሳይሆን በእሱ ነው።

በሴፕቴምበር 1991 ሐምሌት፣ ኖርዝ ካሮላይና በሚገኝ ዶሮ ፋብሪካ እሳት ተነስቶ በሮቹ ተቆልፈው ስለነበር 25 ሰዎች አለቁ፤ ጥቁሮችና ነጮች ነበሩ። በጃንዋሪ 2021 ጌይንስቪል ውስጥ ከማቀዝቀዣ መሣሪያ ናይትሮጅን ሾልኮ 6 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ የመጡ ነበሩ።

ታዲያ ሥራ ቀሙ?

አጭሩ መልስ፦ ባጠቃላይ አልቀሙም፤ ነገር ግን ጥያቄው ባዶ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ያወጡት ሰፊ ጥናት ስደተኞች በሌላው ደመወዝ ላይ የሚያሳድሩት ጫና በረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ መሆኑን፣ ጫናው የሚሰማቸው በዋናነት ቀድመው የመጡ ስደተኞችና ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ መሆናቸውን ደምድሟል። በደቡቡ ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሱት ውስጥ ጥቁሮች ብዙ ስለሆኑ ቅሬታው ከነሱ መምጣቱ አያስገርምም።

መንግሥት ራሱ እጁን ያስገባበት ጊዜም አለ። በኦገስት 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች በኋላ ፕሬዚዳንት ቡሽ በመንግሥት ሥራ ላይ የአካባቢውን ደመወዝ መክፈል የሚያስገድደውን ሕግ ለሁለት ወር አነሱት፤ አሠሪዎች ወረቀት ባለማየታቸው እንዳይቀጡም ለ45 ቀን ታዘዘ። ከተማዋን እንዲጠርጉና ጣሪያ እንዲያለብሱ ላቲኖዎች ጎረፉ፤ በየግዛቱ የተበተኑት ጥቁር ነዋሪዎች ደግሞ መመለሻ አጡ። ጥቁሩ ከንቲባ ሬይ ኔገን ከተማዋ በሜክሲኮ ሠራተኞች እንዳትወረር ምን ላድርግ ብለው በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሱ። የደመወዙን ሕግ ያነሳው ማን እንደሆነ ግን ያን ያህል የጠየቀ የለም።

ጥቁሮችና ላቲኖዎች ይስማማሉ ወይስ ይጠላላሉ?

ሁለቱም እውነት ነው፤ ቦታና ዓመት ይለየዋል። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ፖላ መክሌይንና ባልደረቦቿ በ2003 ኖርዝ ካሮላይና፣ ደርሀም ከተማ ውስጥ ባካሄዱት ጥናት ላቲኖ ስደተኞች ስለ ጥቁሮች ክፉ ግምት ነበራቸው፤ የምንቀርበው ለነጮች ነው አሉ። ነጮቹ ሲጠየቁ ግን ለላቲኖዎች አንቀርብም አሉ። ጥቁሮች ደግሞ ላቲኖዎች ስለ እነሱ ከሚያስቡት የተሻለ ስለ ላቲኖዎች ያስቡ ነበር። ግምቱ ሁሉ እዚያው የተፈጠረ አይደለም፤ ቀለም የደረጃ መለኪያ የሆነበት አገር ሜክሲኮም ነው።

በደርሀም ጠቡን ያባባሰ አንድ ተራ ነገር ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው ባንክ ሒሳብ መክፈት ስለሚቸግረው ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ ኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ሌቦች የደመወዝ ቀንን አወቁት። የተዘረፈው ላቲኖ፣ ጎረቤቱ ጥቁር ሰፈር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ይታወቃል። መፍትሔው የእርቅ ጉባኤ አልነበረም። በ2000 የላቲኖዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ደርሀም ውስጥ ተከፈተና ገንዘቡ ከኪስ ወጣ።

እዚያው ግዛት ዊንስተን ሴለም ግን ሌላ ነገር ታየ። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ጄኒፈር ጆንስ እንዳሳየችው ላቲኖዎቹ ከጊዜ በኋላ ራሳቸውን ከጥቁሮች ጋር በአንድ ዕጣ ያሉ አድርገው ማየት ጀመሩ። ከነሱ መካከል ኮስታ ቺካ ከሚባለው የሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ የመጡ፣ አፍሪካዊ የዘር ግንድ ያላቸው ሜክሲካውያን ነበሩበት። ዋናው ምክንያት ግን መልክ አልነበረም፤ ፖሊስ ነበር።

ፖሊስ እንዴት ከዚህ ገባ?

በኖርዝ ካሮላይና እስከ 2006 ድረስ ወረቀት የሌለው ሰው በግብር ከፋይ ቁጥሩ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ነበር። ያ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ሸሪፎች (በሕዝብ የሚመረጡ የካውንቲ ፖሊስ አዛዦች) «287 ጂ» የሚባለውን ውል መፈረም ጀመሩ፤ በ1996 የወጣና የአካባቢ ፖሊስ የኢሚግሬሽንን ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድ አንቀጽ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። የኋላ መብራትህ ተሰብሯል፤ ፖሊስ ያስቆምሃል። መንጃ ፈቃድ የለህም፤ ጣቢያ ትወሰዳለህ። አሻራ ትሰጣለህ፤ አሻራው ከኢሚግሬሽን መዝገብ ጋር ይተያያል። አይስ (የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) ሸሪፉን «እስከ 48 ሰዓት ያዝልኝ» ይለዋል። በተሰበረ መብራት የጀመረው በሆንዱራስ ዋና ከተማ በቴጉሲጋልፓ አውሮፕላን ማረፊያ ያልቃል።

ጥቁሮች «ሲነዱ መያዝ» ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል። በ2018 በኖርዝ ካሮላይና ሰባቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ጥቁር ሸሪፎች ተመረጡ፤ ሻርሎት ያለችበትን ሜክለንበርግን ጨምሮ ውሉ በነበረባቸው ካውንቲዎች ተቀደደ። ጆርጂያ ውስጥ ግዊኔት ካውንቲ በ1990 ከአሥር ነዋሪ ዘጠኙ ነጭ ነበር፤ በ2020 ነጩ ሲሶ ገደማ ሆነ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ሸሪፍም በጃንዋሪ 2021 ሥራ እንደጀመረ ውሉን አቋረጠ። የጥቁሩ ድምፅ ለላቲኖው የጠቀመበት በጣም ግልጹ ቦታ ይህ ነው። የግዛቶቹ ምክር ቤቶች በበኩላቸው በ2024 ሸሪፎች ከአይስ ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድዱ ሕጎች አወጡ።

አላባማ በ2011 ከሁሉም የከፋውን ሕግ ሞክራለች። ትምህርት ቤቶች የተማሪን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲመዘግቡ አዘዘ፤ በአንድ ቀን ብቻ ከ2,000 በላይ ላቲኖ ልጆች ከትምህርት ቀሩ፤ ቲማቲም ማሳ ላይ በሰበሰ። በኖቬምበር ደግሞ ፖሊስ አንድ ጀርመናዊ የመርሴዲስ ኃላፊን መንጃ ፈቃድህን አልያዝክም ብሎ አሰረ፤ ግዛቲቱ ያን ፋብሪካ ለማምጣት ያወጣችው ወጪ ትዝ ያላቸው ባለሥልጣናት ደነገጡ። በማርች 2012 ለ1965ቱ የጥቁሮች የምርጫ መብት ጉዞ መታሰቢያ ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው ጉዞ ላይ ላቲኖዎችና ጥቁሮች ሕጉን እየተቃወሙ አብረው ተራመዱ። አብዛኛው የሕጉ ክፍል በፍርድ ቤት ታግዶ በ2013 በስምምነት ተዘጋ።

አብረው ታግለው አሸንፈው ያውቃሉ?

ታር ሂል፣ ኖርዝ ካሮላይና። በ1992 የተከፈተው የስሚዝፊልድ አሳማ ቄራ በቀን እስከ 32,000 አሳማ የሚያርድ፣ ወደ 5,000 ሠራተኛ ያለው ነው። ሥራው በቀለም የተደለደለ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል፤ ነጮች አለቃና መካኒክ፣ ላምቢ ከሚባለው የአገሬው ቀደምት ሕዝብ የሆኑት ጥቂቶቹ አለቃ ሌሎቹ መጋዘን ላይ፣ ጥቁሮች ማረጃው ላይ፣ ሜክሲካውያን መቁረጫው ላይ። በ1994 እና በ1997 ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጥተው ተሸነፉ፤ ኩባንያው በ1997ቱ ምርጫ ሕግ እንደጣሰ ፍርድ ቤት ያጸናው በ2006 ነው። ከተነሱት ነገሮች አንዱ «ማኅበር ከገባችሁ ኢሚግሬሽን ይጠራል» የሚል ማስፈራሪያ ነበር።

በኖቬምበር 2006 ኩባንያው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው አልገጠመም ያላቸውን ሠራተኞች ሲያባርር ወደ 1,000 ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ፤ አብዛኞቹ ላቲኖ ነበሩ። በጃንዋሪ 2007 ተራው የጥቁሮቹ ሆነ፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት በዓል ይሁን ብለው ጠየቁ፣ ተከለከሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በዕለቱ ቀሩ። ላቲኖዎችም ጥያቄውን ፈርመው ነበር። በዚያው ወር አይስ ፋብሪካው ገብቶ 21 ሰው ያዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ላቲኖ ሥራውን ጥሎ ጠፋ፤ የቀረው ሠራተኛ አብላጫው ጥቁር ሆነ። በዲሴምበር 2008 ማኅበሩ 2,041 ለ1,879 አሸነፈ። ስለ ኅብረት ሲወራ ይህ ድል ሁሌ ይጠቀሳል፤ ከመጀመሪያው ሰልፈኞች ስንቱ ለድምፅ መስጫው እንደደረሰ ግን አብሮ ቢነገር ጥሩ ነው።

ሚሲሲፒ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ አላት። በኦገስት 7፣ 2019 አይስ በአንድ ቀን በሰባት ፋብሪካዎች 680 ሰው ያዘ። ከፋብሪካዎቹ አንዱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ላቲኖ ሠራተኞች በጾታዊ ትንኮሳና በአድልዎ በከሰሱት ጉዳይ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር።

ነጮቹስ?

አንድ ዓይነት አልነበሩም። በሳይለር ሲቲ በ1999 የካውንቲው ምክር ቤት ሊቀመንበር ወረቀት የሌላቸውን ውሰዱልን ብሎ ለኢሚግሬሽን ጻፈ፤ በፌብሩዋሪ 2000 የቀድሞው የኩ ክላክስ ክላን መሪ ዴቪድ ዱክ መጥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ሰልፍ አካሄደ። ያው ሊቀመንበር ግን በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ሄዶ ሰዎቹ የመጡበትን ካየ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ዳልተን ደግሞ ጥቁር ነዋሪ ጥቂት የሆነባት የተራራ አገር ናት፤ የምንጣፍ ባለሀብቶቹ ሠራተኛውን ስለፈለጉት በ1997 ከሜክሲኮው ሞንቴሬይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን አስመጥተው ትምህርት ቤት አስገቡ። ዛሬ ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ላቲኖ ነው።

ቁጥራቸው ይህን ያህል ከሆነ በምርጫ ለምን አይታዩም?

ብዙዎቹ አዋቂዎች ዜጋ አይደሉም፤ ዜጋ የሆኑት ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የምርጫ ወረዳ የሚከፈለው ግን በመራጭ ቁጥር ሳይሆን በነዋሪ ቁጥር ስለሆነ፣ ድምፅ የማይሰጥ ሰውም ለሰፈሩ ወንበር ያስገኛል። ልጆቹ ዕድሜያቸው ሲደርስ ሁኔታው ይለወጣል። ትምህርት ቤት መግባታቸውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 አረጋግጦላቸዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። ጆርጂያ በ2010 ያለ ወረቀት ያደጉትን ከትልልቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስታግድ፣ በ2011 በዚያችው ግዛት አቴንስ በምትባል ከተማ ውስጥ «የነጻነት ዩኒቨርሲቲ» የሚባል በነጻ የሚያስተምር ቤት ተከፈተ፤ ስሙ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች በ1964 ከከፈቷቸው የነጻነት ትምህርት ቤቶች የተወሰደ ነው።

እዚያው የተወለዱት ዜግነታቸውን ያገኙት በ1868 ከጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ አሜሪካ ምድር የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል። ሲጻፍ የታሰበው ለሜክሲኮ ልጆች አልነበረም፤ ነጻ ለወጡት ባሮችና ለልጆቻቸው ነበር። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ወላጆቻቸው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሕፃናት ይህን የሚያስቀር ትእዛዝ ፈርመው ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ትእዛዙ ቋንቋ አይለይም፤ ጌይንስቪል ሆስፒታል የተወለደውን ወረቀት የሌላቸው የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጅም፣ አትላንታ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ ከምትጠብቅ አበሻ የተወለደውንም ይመለከታል።